ቅጂው የት ይደር?

የቤት ኮምፒውተርን ፋይሎች በራስ ሰር ስለማስቀመጥ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እንደ ዕቃ ግዢ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ላፕቶፕና አንድ የቆየ ዴስክቶፕ አለ። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብና የቤት ካርታ ስካን በየማሽኑ ተበትኗል። ይህ ሁሉ ሰው ሳይነካው ማታ ማታ ወደ አንድ ማከማቻ እንዲገለበጥ ምን ይገዛ? የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይስ የክላውድ ቦታ?

በዚህ ላይ በዓለም የተጻፈው ምክር ብዙ ነው። አብዛኛው ግን መብራት አይጠፋም፣ ኢንተርኔት አይዘጋም፣ በዶላር መክፈልም አያስቸግርም ብሎ የሚነሳ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሦስቱም ግምቶች አያዛልቁም። ስለዚህ ምክሩን እንዳለ ከመቀበልም፣ «ለእኛ አይሆንም» ብሎ ከመጣልም በፊት፣ እያንዳንዱ መፍትሔ ከየትኛው ጥፋት እንደሚጠብቅ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የተበላሸ ዲስክ፣ በስህተት የተደለዘ ፋይል፣ ቫይረስ፣ ሌባ፣ እሳትና ጦርነት አንድ ዓይነት ጥፋቶች አይደሉም፤ መከላከያቸውም አንድ አይደለም።

ከሐይቅ እስከ ሚኒሶታ

ወሎ ውስጥ «አንድ ቅጂ አይበቃም» የሚለውን ሐሳብ ኮምፒውተር አላመጣውም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መጻሕፍት የሚገለበጡበትና የሚከማቹበት ቦታ ነበር። በእሳቸው ስም የሚጠራው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ነው። ዘመናቸው በራሳቸው ላይ ሰፍሮ ከሚገኙ የግእዝ ብራናዎች መካከል ከቀደምቶቹ ይቆጠራል።

ይህ ወንጌል በተመራማሪዎች ዘንድ ሌላም መጠሪያ አለው፤ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832»። ቁጥሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ከሚነሳው ፊልም አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይላካል። ሥራው በደርግ ዘመንም ቀጥሎ ከ8 ሺህ በላይ ብራናዎችን አዳረሰ። እዚያ ማዶ ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ።

ዋናው ሐይቅ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን የሚያጠፋ አደጋ ማሰብ ይከብዳል። የቤት ኮምፒውተር ባለቤት ከዚህ የሚወስደው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ሁለተኛው ግን ያን ያህል ደስ አያሰኝም። የተቀረጸው በአመዛኙ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነበር። በዳና፣ በጃማ ንጉሥና በሌሎችም የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በዐረብኛና በዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል በሚጻፉ የአገር ቋንቋዎች) የተጻፈው ሀብት በአብዛኛው ከዚያ ሥራ ውጭ ቀርቷል። ምን ይገልበጥ የሚለው ውሳኔ ከማሽኑ ይቀድማል፤ ያልተመረጠው ነገር ደግሞ እንዳልተመረጠ እንኳ አይታወቅም። በቤትም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ «ዶክመንትስ» የሚለውን ፎልደር በየሌሊቱ በታማኝነት ሲገለብጥ ዓመት ይሞላዋል፤ ፎቶዎቹ ግን በሌላ ድራይቭ ላይ ሳይነኩ ያድራሉ።

ናስ

የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ናስ» ይባላል። ለአማርኛ ጆሮ ስሙ ያሳስታል። እኛ ናስ የምንለው ጸናጽልና ቃጭል የሚሠራበትን፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፈውን ማዕድን ነው። ሳጥኑ ግን በስሙ ልክ የሚዘልቅ አይደለም። ውስጡ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ፣ ትንሽ ኮምፒውተርና የኔትወርክ መሰኪያ ነው ያለው። ከኤክስተርናል ዲስክ የሚለየው በአንድ ማሽን ላይ ከመሰካት ይልቅ ከራውተሩ ጋር ተያይዞ ለቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ መታየቱ ነው።

መሠረቱ የተጣለው ለቢሮ ነበር። አይቢኤም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ገደማ የተወጠነው «ኤስኤምቢ» እና ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 ያወጣው «ኤንኤፍኤስ» በሌላ ማሽን ላይ ያለን ፋይል በራስ ማሽን ላይ እንዳለ አድርጎ መክፈትን አስቻሉ። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል በ1992 የጀመረው «ሳምባ» ደግሞ ነጻ ሶፍትዌር የሚሮጥበትን ማሽን ሁሉ ለዊንዶውስ ፋይል አቅራቢ አደረገው። ዛሬ በገበያ ላይ ባሉት የቤት ሳጥኖች አብዛኛዎቹ ውስጥ የሚሠራው እሱ ወይም ዘመዱ ነው። ያው ሰው ከፖል ማኬራስ ጋር በ1996 «አርሲንክ»ን አወጣ። አርሲንክ ከፋይሉ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። በቀጭን መስመር ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ውለታ የዋለ ፕሮግራም ጥቂት ነው።

ወደ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ነው። ሲኖሎጂ በ2000፣ ኪውናፕ በ2004 ተቋቋሙ። ፍሪናስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በ2005 ብቅ ብሎ ያረጀ ዴስክቶፕን ወደ ማከማቻነት መለወጥ የሚችልበትን መንገድ ከፈተ። ማይክሮሶፍት በ2007 ለቤተሰብ የሚሆን ሰርቨር አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተወው። አፕልም በዚያው ዓመት «ታይም ማሽን»ን፣ በ2008 ደግሞ ዲስክና ራውተርን በአንድ ሳጥን ያጣመረውን «ታይም ካፕሱል»ን አቀረበ፤ ሳጥኑን በ2018 አቆመው። የእነዚህ ሁሉ ትልቁ ለውጥ «በራስ ሰር» የሚለው ቃል ነው። ሰው ይረሳል፤ ስለዚህ ባክአፕ ሰው ሳያስታውሰው መሠራት አለበት የሚል እምነት ነው የተሸጠው።

እምነቱ እውነት አለው፤ ግን ጎደሎ ነው። የ«ቶይ ስቶሪ 2» ፊልም ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ብዙውን ሥራቸውን ሲደልዙ፣ ባክአፑ በትክክል እንዳልሠራ ያወቁት የዚያን ጊዜ ነበር። ፊልሙን ያተረፈው አንዲት ሠራተኛ ቤቷ ሆና ለመሥራት የወሰደችው ቅጂ ነው። ጊትላብ የተባለው ድርጅትም በጥር 2017 አንድ የመረጃ ቋት በስህተት ሲያጠፋ፣ ከነበሩት በርካታ የመጠባበቂያ መንገዶች እንደታሰበው የሠራ አልተገኘም። በራስ ሰር የሚሠራ ነገር በራስ ሰር ሊያቆምም ይችላል፤ ሲያቆም ድምፅ የለውም።

የሚምታቱ ስሞች

ስለ ናስ የሚደረገው ክርክር ግማሹ የቃላት መምታታት ነው። ሁለት ዲስክ ያለው ሳጥን የገዛ ሰው «ሁለት ቅጂ አለኝ» ይላል። የለውም። ሁለቱን ዲስክ እንደ መስታወት የሚያዛምደው አሠራር «ሬይድ» ይባላል፤ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ የታወቀ ነው። ዓላማው አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቋረጥ ነው። ፋይል ከአንዱ ሲደለዝ ከሌላውም በዚያው ቅጽበት ይደለዛል። ቫይረስ አንዱን ሲቆልፍ ሁለተኛውም ይቆለፋል። ሌባ ሳጥኑን ሲያነሳ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ማመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። ድሮፕቦክስ፣ ዋንድራይቭና መሰሎቻቸው በዋናነት በሁለት ቦታ ያለው ነገር አንድ እንዲሆን ይሠራሉ፤ ጥፋትንም ጭምር ያመሳስላሉ። ባክአፕ የሚባለው ዋናው ሲለወጥ ያለፈውን መልክ ይዞ የሚቀር ነው፤ የትናንቱን፣ የሳምንቱን፣ የወሩን። በዚህ ላይ «አርካይቭ» አለ፤ ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ወደ ማከማቻው የተዛወረ የድሮ ፋይል። ብዙ ሰው ላፕቶፑ ሲሞላበት ፎቶውን ወደ ናስ አዛውሮ ከላፕቶፑ ያጠፋዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብቸኛው ዋና ሆኗል፤ ባለቤቱ ግን አሁንም «ባክአፕ» ብሎ ይጠራዋል። በእኔ ግምት ቤት ውስጥ ከሚጠፋው ፋይል ብዙው የሚጠፋው በዚህ የስም ስህተት ነው።

ደንብ ሆኖ በዓለም የሚጠቀሰው ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው «3-2-1» ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ቀላልና ጥሩ ደንብ ነው። «ከቤት ውጭ» የሚለው ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አይናገርም።

የቤቱ ወገን

ሳጥኑን ቤት ማኖር አለብን የሚሉት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ርካሽ ራውተሮች የሚይዙት በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መሰኪያ እንኳ 500 ጊጋባይት በገመድ ለማሳለፍ በስሌት 11 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሁለት ሌሊት ማለት ነው። ከመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በኋላ የሚገለበጠው የተለወጠው ብቻ ስለሆነ ዋይፋይም ይበቃዋል። ከዚያ ውስጥ 100 ጊጋባይት ብቻ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚጭን የቆየ የስልክ መስመር ወደ ውጭ ይላክ ቢባል ከዘጠኝ ቀን በላይ ያለማቋረጥ መጫን አለበት። ፋይበር የገባለት ቤት ሒሳቡ ይለወጥለታል፤ በ10 ሜጋቢት ወደ 22 ሰዓት ይወርዳል።

ሁለተኛው ማስረጃ የኢንተርኔቱ መዘጋት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በአማራ ክልል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ቅጂው ባሕር ማዶ የተቀመጠበት ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ዲስኩ ቢበላሽበት ፋይሉ አለ፤ እጁ ላይ ግን የለም። የቤት ናስ ከውጭ መስመር ጋር ጉዳይ የለውም።

በዚህ ወገን ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን አደጋ ያጎላል። ስለ ሙቀትና ስለ ከፍታ ይወራል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ፣ አምራቾች በአብዛኛው 3,048 ሜትርን የከፍታ ወሰን አድርገው ይጽፋሉ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወሰኑ ውስጥ ነች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ትንሽ ይደክማል፤ ከተማዋ ቀዝቃዛ መሆኗ ግን ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ሞቅ ትላለች፤ አቧራዋም ይበዛል። ሆኖም የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን አጥንተው ባወጡት ጽሑፍ፣ ሙቀት እንደሚታመነው ያህል ዋና ገዳይ ሆኖ አልተገኘም። የዚያ ጥናት ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግኝት ሌላ ነው። ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት ከሚሰጣቸው ዋና ዋና ምልክቶች አንዱም አልታየም። «ከመሞቱ በፊት ያስጠነቅቀኛል» ማለት አይቻልም።

የእኛው ዲስክ ገዳይ መብራት ነው፤ መጥፋቱም፣ ሄዶ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ግፊትም። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያለ ቦታው ይወጣል። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አንድ ሰከንድ አያቆይም። ዲቫይደር ደግሞ ስሙ እንደሚለው ማካፈያ ነው። ናስ የሚፈልገው ዩፒኤስ ነው፤ ያውም በዩኤስቢ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ተያይዞ «ባትሪዬ እያለቀ ነው፤ ራስህን ዝጋ» ብሎ የሚነግረውን። ይህ ገመድ ካልተሰካ የቤት ዩፒኤስ የሚያደርገው መጥፋቱን በጥቂት ደቂቃዎች ማዘግየት ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሳጥኑ እየጻፈ ሳለ ይጠፋል። ከዚያ ሌላ፣ ፕሮግራሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ተቀጥሮ በዚያ ሰዓት መብራት ከሌለ ያ ቀን ያልፋል። ያለፈውን ተራ መብራት ሲመጣ እንዲያሟላ የሚያስችል ምርጫ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ውስጥ አለ፤ ተፈልጎ መከፈት ግን አለበት።

ከወጪ አንጻር ያረጀ ዴስክቶፕን ወደ ናስ መቀየር ያጓጓል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ፍሪናስ ዛሬ ትሩናስ በሚል ስም ይሠራል፣ ኦፕንሚዲያቮልትም አለ። ነገር ግን ባለሁለት ዲስክ ትንሽ ሳጥን 20 ዋት ቢጠቀም በወር 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ 80 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ ወደ 58 ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዩፒኤሱን በዚያው ልክ ቶሎ ይጨርሰዋል። ራውተሩ ጀርባ ባለው ዩኤስቢ ላይ ዲስክ ሰክቶ ማጋራትም አለ። ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ ራውተሮች የሚጠቀሙት የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ስሪት ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ያንን ስሪት በነባሪነት ዘግቶታል። ምክንያቱም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዓለምን ያናወጠው «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ የተዛመተው በእሱ ቀዳዳ ነበር። ራውተሩ እንዲሠራ ብሎ ያንን በር መልሶ መክፈት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ዋናክራይና መሰሎቹ ሌላ ነጥብም አንስተዋል። ላፕቶፑ ላይ «ዜድ ድራይቭ» ሆኖ የሚታይ ናስ ላፕቶፑን ለያዘው ቫይረስም ይታያል። ስለዚህ በባለሙያዎች መካከል ኮምፒውተሩ ወደ ማከማቻው ይጫን ወይስ ማከማቻው ራሱ መጥቶ ከኮምፒውተሩ ይውሰድ የሚል ክርክር አለ። ሁለተኛው ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ላፕቶፑ የናሱን ቁልፍ አይዝምና። ማዘጋጀቱ ግን ይከብዳል። መካከለኛው መንገድ ለባክአፕ ብቻ የተለየ ስምና የይለፍ ቃል መፍጠርና ሳጥኑ ራሱ በየቀኑ የፋይሎቹን ቅጽበታዊ ምስል (ስናፕሾት) እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከውጭ አገር ሆኜም ልክፈተው ብሎ ናስን በቀጥታ ለኢንተርኔት ማጋለጥን በተመለከተ ግን ክርክር ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ቡክ ላይቭ» ሳጥኖች ከርቀት ባዶ ተደርገዋል፤ በ2022 መጀመሪያ «ዴድቦልት» የተባለ ቫይረስ የኪውናፕ ሳጥኖችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል።

የክላውዱ ወገን

ክላውድ ይሻላል የሚሉት የሚያነሱት አንድ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠልም፣ ቢዘረፍም፣ ቢፈርስም ቅጂው ሌላ አህጉር ላይ ነው። ለዚህ መልስ ያለው የቤት ሳጥን የለም። ድክመቱ ከክፍያ ይጀምራል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ሌላ ዋጋ ሆኗል። ብዙ ቤተሰብ የሚፈታው ባሕር ማዶ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ዘመዱ ሥራ ሲቀይር ወይም ካርዱ ሲያልቅ ምን ይሆናል የሚለው አይነሳም። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተነካን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል።

የሌላ ሰው መረጃ በቤቱ ኮምፒውተር የያዘ ሰው፣ ለምሳሌ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የክሊኒክ ባለቤት፣ ሌላም ግምት ውስጥ የሚገባ ነገር አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃን ከአገር ማስወጣትን በቅድመ ሁኔታ የሚገዛ ነው። የልደት ፎቶና የታካሚ ካርድ በአንድ ፎልደር ተገልብጠው ውጭ አገር ሲያድሩ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው በሁለት የተለያዩ ሕጋዊ ዓለማት ውስጥ ነው።

ፍላሽ፣ ቴሌግራምና ሚኒባስ

በተግባር የአብዛኛው ሰው ማከማቻ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ፍላሽና ቴሌግራም ነው። ፋይልን ለራስ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ መላክ እዚህ አገር የተለመደ የማስቀመጫ ዘዴ ሆኗል፤ ነጻ ነው፣ በስልክም ይከፈታል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ከሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጋር ሲታገድ፣ ቪፒኤን የሌለው ሰው ፋይሉም አብሮ ታግዶበታል። ፍላሽ በበኩሉ ለማጓጓዝ የተሠራ ነው፤ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲተኛ አልታሰበም። ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ሲዞር ይዞት የሚመጣውን ፎልደር ደባቂ ቫይረስ የማያውቅ የለም።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ከሚሰጠው ግምት በላይ ዋጋ አለው። ተነቅሎ መቀመጡ ራሱ መከላከያ ነው፤ ያልተሰካን ዲስክ ቫይረስም የመብራት ግፊትም አያገኘውም። በራስ ሰር አለመሆኑ ድክመቱ ነው፤ በፈረቃ የሚሰኩ ሁለት ዲስኮች ይዞ ከናሱ ጋር ማጣመር ይህን ያቀልለዋል። ስለ ማጓጓዝ ከተነሳ ደግሞ አንድ ስሌት እዚህ ይግባ። 1 ቴራባይት የያዘ ዲስክ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ በአንድ ሰዓት ቢደርስ፣ በሰከንድ ከ2 ሺህ ሜጋቢት በላይ ተጓጓዘ ማለት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር እንዲህ ያለ የኔትወርክ መሐንዲስ መሆኑን አያውቅም።

25 ኪሎ ሜትር ይበቃል?

ከዚህ የሚመጣው መፍትሔ ግልጽ ይመስላል። ደሴ አንድ ሳጥን፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ሁለተኛ ሳጥን ማስቀመጥ፤ በየሳምንቱ ዲስክ መለዋወጥ ወይም በፋይበር ሌሊት ሌሊት ማናበብ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሌባ፣ ለእሳት፣ ለአንድ ሰፈር የመብራት ግፊት፣ ደሴ ላይ ደጋግሞ ለሚታየው የመሬት መንሸራተት ይበቃል። «3-2-1»ም ተሟላ ይባላል።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር አሳየ። የሕወሓት ኃይሎች ወር ሊያልቅ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው ሁለቱን ከተሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው ያዙ፤ የመንግሥት ኃይሎች መልሰው የያዟቸው ኅዳር 27 አካባቢ ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ሆስፒታል፣ የደሴ ሙዚየምና የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ መዘረፋቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ከሚዘረፈው ዕቃ ኮምፒውተር ይቀድማል፤ ቀላልና የሚሸጥ ነውና። ዘራፊው የሚፈልገው ማሽኑን ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው መዝገብ አብሮ ይሄዳል። ዋናውን ደሴ፣ ቅጂውን ኮምቦልቻ ያደረገ ሰው ደንቡን አክብሮ ሁለቱንም ሊያጣ ይችል ነበር።

መሬቱም ተመሳሳይ ነገር ይላል። ሁለቱም ከተሞች የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በዚያው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነበር። የኢንተርኔት መዘጋትም የሚመጣው ለክልል እንጂ ለቀበሌ አይደለም።

ስለዚህ መለካት ያለበት ሁለቱ ቦታዎች የሚጋሩት አደጋ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ይህን በግምት ብቻ ያመለክታል። አዲስ አበባ ያለ እህት ቤት የተቀመጠ ዲስክ ከኮምቦልቻው ሳጥን በዚህ መለኪያ ይሻላል፤ በስድስት ወር አንዴ ብቻ ቢታደስ እንኳ። እዚህ ላይ በሁለት በጎ ነገሮች መካከል ምርጫ አለ። ቅርብ ያለው ቅጂ ትኩስ ነው፤ ሩቅ ያለው ያረጀ ነው፣ ግን ይተርፋል። የትኛው ይቅደም የሚለው ለሁሉም ፋይል አንድ መልስ የለውም። የሱቅ ሒሳብ የትናንቱ ካልሆነ አይረባም። የሠርግ ፎቶ የዛሬ አምስት ዓመቱም ያው ነው። የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና የልደት ሰርተፊኬት ተጠራቅመው ጥቂት ጊጋባይት አይሞሉም፤ ለእነዚህ ቀርፋፋ መስመርም ነጻ የክላውድ ቦታም ይበቃል። ከዓለም ምክር ለእኛ በጣም የሚሠራው ይህ መከፋፈል ይመስለኛል፦ ጠቅላላው ቤት ናስ ላይ፣ ከሁሉ የሚከብደው ትንሽ ክምር ግን ከክልሉም ከአገሩም ውጭ።

ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ሩቅ የሚሄድ ዲስክ በሰው እጅ፣ በመናኸሪያና በፍተሻ ያልፋል። ስለዚህ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፍ የሚለው ምክር ትክክል ነው። ዊንዶውስ «ቢትሎከር» አለው፤ ዘመናዊ የባክአፕ ፕሮግራሞችም ራሳቸው ይቆልፋሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ቤት ሥርዓቱን የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ልጅ ወይም ባል። እሱ ቢሞት፣ ቢሰደድ ወይም ለወራት ስልኩ ባይሠራ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። ወረቀት ላይ ጽፎ ከዲስኩ ጋር ማስቀመጥ መቆለፉን ከንቱ ያደርገዋል፤ አለመጻፍ ደግሞ ቅጂውን ለወራሾቹ የታሸገ ሳጥን ያደርገዋል። ለሁለት ዘመድ ግማሽ ግማሽ መስጠት፣ ታሽጎ ከውል ወረቀቶች ጋር ማኖር፣ የቤተሰብ ፎቶን ሳይቆልፉ ሰነዱን ብቻ መቆለፍ ሁሉም የሚሞከሩ ናቸው፤ ሁሉም ይጎድላቸዋል።

ሌላው ያልተቋጨ ነገር ጥያቄው የተሠራበት ቃል ነው። «የቤት ኮምፒውተር» ብንልም የቤተሰቡ ትዝታ የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነው። ናሶች ለስልክ የሚሆን መተግበሪያ አላቸው፤ ቤት ገብቶ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ፎቶውን ይጭናሉ። ነገር ግን ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ያስቆማሉ፤ ለሳምንታት ምንም ሳይጫን ሊቆይ ይችላል። ማረጋገጫው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ፋይል መርጦ ከማከማቻው መልሶ መክፈት። በሦስት ወር አንዴ አሥር ደቂቃ ይወስዳል።

መልሶ መክፈት ስንል ደግሞ የስንት ዓመት ጥያቄ እንደሆነ አብሮ ይነሳል። የሐይቁ ወንጌል ማይክሮፊልም ከጨለማ ክፍሉ ቢወጣ፣ ማሽኑ እንኳ ባይኖር፣ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ይነበባል። ናሱ ላይ በየሌሊቱ የሚቀመጠው ክምር ተቆራርጧል፣ ተጨምቋል፣ ተቆልፏል። ለማንበብ ዲስኩ፣ ዲስኩን የሚያውቅ ሳጥን፣ ክምሩን የጻፈው ፕሮግራምና የይለፍ ቃሉ አራቱም በአንድ ጊዜ መገኘት አለባቸው። አንዳንዶች ለዚህ ሲሉ ቢያንስ አንዱን ቅጂ ያለ ምንም ፕሮግራም፣ ተራ ፎልደርና ተራ ፋይል አድርገው ይይዛሉ፤ ቦታ ይፈጃል፣ ያለፈውን መልክ አይጠብቅም፣ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል። ሌሎች ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ወደ አዲስ ዲስክና አዲስ ፕሮግራም ማዛወርን ይመርጣሉ፤ ያ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ የሚያስታውስ ሰው ይፈልጋል።